ከጃፓን በመጣ መኪና፣ በካምፓላ መንገድ፡ ስልክን ከመኪና ቴፕ ጋር ማገናኘት እንዴት ይቻላል?

ሙንዮንዮ ከካምፓላ መሀል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የምትገኝ ሰፈር ናት። ዜና የሚከታተሉ ሰዎች ስሟን የሚያውቁት በጉባኤዎቿ ነው። እአአ በ2010 የአፍሪካ ኅብረት፣ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የገለልተኛ አገራት ንቅናቄ መሪዎች በዚያ ተሰብስበዋል።

ለነዋሪዎቿ ግን ሙንዮንዮ ከሁሉ በፊት የመንገድ ጉዳይ ናት። ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው የጋባ መንገድ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩባቸው በካንሳንጋና በካባላጋላ በኩል ያልፋል። ጠዋትና ማታ መኪናና ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ሳይክል ታክሲ እየተጋፉ የሚሄዱበት ጠባብ መንገድ ነው። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ እአአ በ2018 ተመርቆ የተከፈተው የካምፓላ-ኢንቴቤ ፈጣን መንገድ ቅርንጫፍ እስከ ሙንዮንዮ ይደርሳል።

በአንደኛው መንገድ መኪናው ይቆማል፤ በሌላኛው ይበርራል። በሁለቱም ላይ ስልክ ይደውላል።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። ስልኩ ከወንበሩ ሥር ወድቆበት ለማንሳት አምስት ሰከንድ ዓይኑን ከመንገድ ያነሳ አሽከርካሪ 70 ሜትር ገደማ ሳያይ ነዳ ማለት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሆነ ርቀቱ ወደ 140 ሜትር ይጠጋል። ኡጋንዳ ውስጥ እአአ በ2024 በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች ቁጥር ከ5,000 በላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ይገልጻል። እያሽከረከሩ ስልክ የሚጠቀሙ ሰዎች ለአደጋ የመጋለጥ ዕድላቸው ከማይጠቀሙት በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥም ያስታውቃል።

የኡጋንዳ ሕግ እያሽከረከሩ ስልክን በእጅ ይዞ መነጋገርን ይከለክላል። አዳዲስ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ብሉቱዝ አላቸውና ባለቤቶቻቸው ብዙም አይቸገሩም። ይሁን እንጂ በካምፓላ ጎዳናዎች ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ መኪኖች አዲስ አይደሉም። ታዲያ ብሉቱዝ የሌለው ያገለገለ መኪና ያለው ሰው ምን ያድርግ?

ጃፓንኛ የሚናገር ቴፕ

ወደ ኡጋንዳ ከሚገቡት መኪኖች አብዛኞቹ ጃፓን ውስጥ ለዓመታት ያገለገሉ ናቸው። ሁለቱም አገሮች በመንገድ ግራ በኩል ስለሚነዱ መሪው በስተቀኝ መሆኑ ችግር አይፈጥርም። ኡጋንዳ እአአ በ2018 ሕጓን አሻሽላ ከተመረቱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ከዚህ ዕድሜ በታች ያለ መኪና ቢሆንም ቴፑ የተሠራው ለጃፓን ነዋሪ ነው።

ይህም ማለት በመጀመሪያ ጽሑፉ በጃፓንኛ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ እና ለጉዳያችን ዋናው ይህ ነው፣ ሬዲዮው የሚይዘው የኤፍኤም ሞገድ የተለየ ነው። በጃፓን የኤፍኤም ሥርጭት ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ባለው መስመር ተወስኖ ቆይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እስከ 95 ተራዝሟል። ኡጋንዳም ሆነ ኢትዮጵያ የሚጠቀሙት ግን ከ87.5 እስከ 108 ያለውን ነው። ለምሳሌ የአዲስ አበባዎቹ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 በእንዲህ ያለ ቴፕ ፈጽሞ አይሰሙም።

በካምፓላ የሚገኙ የመኪና ኤሌክትሪሺያኖች ለዚህ የቆየ መፍትሔ አላቸው። በአንቴናውና በቴፑ መካከል ትንሽ የሞገድ መቀየሪያ ሳጥን ይገጥማሉ። ሳጥኑ የሚመጣውን ሞገድ በተወሰነ መጠን ዝቅ አድርጎ ለቴፑ ያቀብላል። መቀየሪያው 12 ሜጋኸርትዝ የሚቀንስ ከሆነ በ91.3 የሚያሠራጨው ካፒታል ኤፍኤም በቴፑ ላይ 79.3 ላይ ይገኛል ማለት ነው። በካምፓላ ታክሲ የተሳፈረ እንግዳ በቴፑ ላይ የሚያየው ቁጥርና ጣቢያው የሚናገረው ቁጥር ለምን እንደማይገጥም ግራ ቢገባው ምክንያቱ ይህ ነው።

ይህ የሬዲዮ ጉዳይ ከስልክ ጋር ምን ያገናኘዋል? ብዙ አሽከርካሪዎች መጀመሪያ የሚገዙት የእጅ ነፃ መነጋገሪያ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ በመሆኑ ነው።

በሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው መሣሪያ

ይህ በየሱቁ የሚሸጠው መሣሪያ ከስልኩ ድምፅን በብሉቱዝ ተቀብሎ እንደ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ መልሶ ያሠራጫል። አሽከርካሪው ቴፑን በዚያው ቁጥር ላይ ሲያደርግ የደዋዩ ድምፅ በመኪናው ስፒከሮች ይሰማል። የአሽከርካሪውን ድምፅ የሚቀበለው ማይክሮፎን በመሣሪያው ላይ ነው። ሽቦ መቁረጥም ሆነ ቴፕ መፍታት አያስፈልግም።

ችግሩ ያለው በቁጥሩ ላይ ነው። መሣሪያው የሚያሠራጨው በአብዛኛው ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ነው፤ የጃፓኑ ቴፕ ደግሞ 90 ላይ ያበቃል። ሁለቱ የሚገናኙት በ2.5 ሜጋኸርትዝ ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። በካምፓላ በዚህች ክፍተት ውስጥ ሳንዩ ኤፍኤም በ88.2፣ የቡጋንዳ መንግሥት ሬዲዮ ሲቢኤስ በ88.8 እና በ89.2፣ ሬዲዮ ዋን በ90.0 ያሠራጫሉ። የሲጋራ መለኮሻ ላይ የተሰካች መሣሪያ ከእነዚህ ማሠራጫዎች ጋር ልትፎካከር አትችልም። ንግግሩ መሀል ዘፈን ይገባል፤ መኪናው ኮረብታ ሲወጣና ሲወርድም ድምፁ ይለዋወጣል።

የሞገድ መቀየሪያ ሳጥን የተገጠመለት መኪና ዕድሉ ይሰፋል። በዚህ ጊዜ መሣሪያውን ጣቢያ በሌለበት ቁጥር ላይ ማድረግ፣ ከዚያም ሳጥኑ የሚቀንሰውን ያህል ቀንሶ ቴፑን ማስተካከል ያስፈልጋል። እንደዚያም ሆኖ የድምፁ ጥራት ከሽቦ ጋር አይወዳደርም። አቅም ለሌለው ወይም መኪናው የራሱ ላልሆነ ሰው ተቀባይነት ያለው ምርጫ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ግን አይደለም።

የአራቱ ቀለበቶች ምስጢር

የተሻለው መንገድ ቴፑ "ኦክስ" የሚባለው የድምፅ መግቢያ ካለው እርሱን መጠቀም ነው። መግቢያው በቴፑ ፊት፣ በእጅ ጓንት ሳጥኑ ውስጥ ወይም ከቴፑ ጀርባ ሊገኝ ይችላል። በአንዳንድ የቶዮታ መኪኖች ለቪዲዮ መሣሪያ የታሰበ መግቢያ ለዚሁ ሥራ ያገለግላል። የካሴት ማጫወቻ ብቻ ባለው አሮጌ ቴፕ ደግሞ ጭራዋ ላይ ሽቦ ያላት የካሴት ቅርጽ ያለች ማገናኛ አሁንም ትሠራለች።

ከሁሉ የቀለለው ሥራ በሁለቱም ጫፍ ባለ ሦስት ክፍል መሰኪያ ያለውን ተራ የድምፅ ገመድ ከስልኩ ወደ ኦክስ መሰካት ነው። ስልኩ ይህን ገመድ ማይክሮፎን የሌለው የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የደዋዩን ድምፅ ወደ መኪናው ስፒከር ይልካል፤ የአሽከርካሪውን ድምፅ ግን በራሱ ማይክሮፎን ይቀበላል። ስልኩ በማስቀመጫ ላይ ቆሞ ለአሽከርካሪው ፊት ቅርብ ከሆነ ለአጭር ንግግር ይበቃል። ኪስ ውስጥ ወይም ከማርሽ አጠገብ ከሆነ ግን በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የሚሰማው የሞተር ድምፅ ነው።

ራሱን የቻለ ማይክሮፎን የሚፈልግ ሰው የድሮ የስልክ ጆሮ ማዳመጫ ቆርጦ መሥራት ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሰናከሉት።

ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ በጥቁር ቀለበቶች የተለያዩ አራት የብረት ክፍሎች አሉት። ጫፉ የግራ ጆሮ፣ ቀጥሎ ያለው የቀኝ ጆሮ ነው። በቀሪዎቹ ሁለቱ ላይ ግን አምራቾች ለዓመታት አልተስማሙም። በአይፎንና በአብዛኞቹ የዛሬ ስልኮች ሦስተኛው ክፍል የጋራ መመለሻው፣ ማለትም "ማሳ" የሚባለው ነው፤ አራተኛው የማይክሮፎኑ ነው። አንዳንድ የድሮ ኖኪያዎችን ጨምሮ በሌሎች ስልኮች ግን ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል።

ያልገጠመ መሰኪያ በቀላሉ ይታወቃል። ሙዚቃ ሲከፈት መሣሪያዎቹ ይሰማሉ፤ የዘፋኙ ድምፅ ግን ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። በማዳመጫው ገመድ ላይ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ድምፁ ወደ ቦታው ይመለሳል። ምክንያቱም ያ ቁልፍ የማይክሮፎኑን መስመር ከማሳው ጋር ከማገናኘት ውጭ ሌላ ሥራ የለውም። ስልኩ ያንን ቅጽበታዊ ግንኙነት ሲያይ ጥሪውን ያነሳል ወይም ይዘጋል።

ይህ ዕውቀት ጥቅም አለው። ከማይክሮፎኑ መስመርና ከማሳው ላይ ሁለት ሽቦ ስቦ ተራ የደወል መጫኛ ቁልፍ በመሪው አጠገብ የገጠመ ሰው ስልኩን ሳይነካ ጥሪ ማንሳት ይችላል። ወጪው ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም።

የማዳመጫ ገመድ ሲቆረጥ ውስጡ የሚታዩት ሽቦዎች ፀጉር የሚያህሉ ናቸው። ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያላቸው ይመስላሉ፤ ቀለሙ ግን ሽፋን ነው። ሽቦዎቹ በላከር የተቀቡ ስለሆኑ በቀጥታ ቢጠመዘዙ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ሽፋኑ በሶልደር ብረት ግለት መነሳት አለበት። ቀለሞቹ ከአምራች አምራች ስለሚለያዩ የትኛው ሽቦ ከየትኛው የመሰኪያ ክፍል ጋር እንደሚገናኝ በመልቲሜትር ማረጋገጥ እንጂ በግምት መሄድ አያዋጣም።

ይህን ሁሉ ማድረግ የማይፈልግ ሰው የአራት ክፍሉን መሰኪያ ወደ ድምፅ መውጫና ወደ ማይክሮፎን መግቢያ የሚከፍል አጭር ገመድ ገዝቶ፣ በአንዱ ኦክሱን፣ በሌላው ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ማገናኘት ይችላል። ውጤቱ አንድ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሌላቸው ስልኮች፣ እአአ በ2016 ከወጣው አይፎን 7 ጀምሮ ያሉትን አይፎኖች ጨምሮ፣ በመሀል ሌላ ማገናኛ ይፈልጋሉ።

ማይክሮፎኑ የት ይቀመጥ?

በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ያለው ማይክሮፎን የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ነገር ናት። የምትሠራው ከስልኩ በዚያው የማይክሮፎን መስመር በምታገኘው አነስተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ሁለት እግሮች አሏት፤ ከብረት ሽፋኗ ጋር የተያያዘው የማሳው ነው። እግሮቹ ቢገለበጡ አትሠራም ወይም ድምፅዋ እጅግ ይደክማል።

ወደ ማይክሮፎኑ የሚሄደው ሽቦ በመረብ የተሸፈነ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። መረቡም ከስልኩ ማሳ ጋር ብቻ ይገናኝ፤ ከመኪናው አካል ጋር መነካካት የለበትም። ከተነካካ የሞተሩ ጩኸት በቀጥታ ወደ ንግግሩ ይገባል።

ተስማሚው ቦታ ከፀሐይ መከለያው አጠገብ ወይም ከአሽከርካሪው ጎን ባለው የመስታወት ምሰሶ ላይ፣ ከአፍ ግማሽ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ነው። በኡጋንዳ ይህ በስተቀኝ፣ በኢትዮጵያ በስተግራ ይሆናል። ክሩስኮት ላይ ማስቀመጥ ቀላል ቢመስልም ከአየር ማውጫው የሚመጣው ንፋስ ንግግሩን ይሸፍነዋል። ከምድር ወገብ አጠገብ በቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ የክሩስኮት ላይ ሙጫ ብዙ አይቆይም።

ጥንቃቄ የሚሻው ምሰሶው ነው። በብዙ መኪኖች ከምሰሶው ሽፋን ሥር በአደጋ ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት አለ። ሽቦ ከከረጢቱ ፊት ለፊት ካለፈ ሲነፋ ሊያደናቅፈው ወይም እንደ ጅራፍ ሊወነጭፈው ይችላል። ሽቦው ከኋላው ማለፍ አለበት፤ ይህ ካልተቻለ በሽፋኑ ጠርዝ ላይ ከላይ መለጠፍ ይሻላል። በአብዛኛው በቢጫ ቀለም የሚለዩት የአየር ከረጢት ማገናኛዎች በምንም ሁኔታ አይነኩም።

ያ የሚያፏጭ ድምፅ ምንድን ነው?

ሁሉም ነገር ተገናኝቶ ሞተሩ ሲነሳ ስፒከሮቹ ማፏጨት ይጀምራሉ። ነዳጅ ሲረገጥ ፉጨቱ ይቀጥናል፤ ሲለቀቅ ይወፍራል። በዚህ ሥራ ላይ ከሚነሱ ቅሬታዎች ሁሉ የተለመደው ይህ ነው። ብዙ ሰዎች በዚህ የተነሳ ደህና ስልክ ወይም ደህና ቴፕ ይቀይራሉ፤ ጥፋቱ ግን የሁለቱም አይደለም።

ስልኩ ከመኪናው ቻርጀር ጋር ሲገናኝ ከመኪናው ማሳ ጋር አንድ መንገድ ይኖረዋል። በኦክስ ገመዱ በኩል ደግሞ ከቴፑ ማሳ ጋር ሁለተኛ መንገድ ያገኛል። ሁለቱ መንገዶች ቀለበት ሠሩ ማለት ነው። ዲናሞው ባትሪውን ሲሞላ የሚፈጥረው መዋዠቅ በዚያ ቀለበት እየዞረ ወደ ድምፁ መስመር ይገባል። ዲናሞው ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ፉጨቱም የሞተሩን ፍጥነት ይከተላል።

መሆኑን ለማረጋገጥ ቻርጀሩን መንቀል ይበቃል። ፉጨቱ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኘ። መድኃኒቱ በኦክስ ገመዱ መሀል የሚገባ፣ ሁለት ትናንሽ ትራንስፎርመሮችን የያዘ የድምፅ መለያ ነው። ድምፁ በማግኔት ኃይል ይሻገራል፤ ማሳው ግን ይቆረጣል። ዋጋው አነስተኛ ነው። ነገር ግን በኦክሱ መስመር ላይ ብቻ ይግባ። በማይክሮፎኑ መስመር ላይ ቢገባ ማይክሮፎኑ ከስልኩ የሚያገኘውን ኤሌክትሪክ ስለሚያቋርጥበት ጭራሽ ዝም ይላል።

ባትሪ መንቀል አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ መጀመሪያ ትምህርት የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀል ነው። ትክክል ነው። ከጃፓን በመጡ መኪኖች ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በርካታ የቶዮታ ባለ ካርታ ቴፖች ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ኤሌክትሪክ ከተቋረጠባቸው በኋላ አይከፈቱም። የካርታ ኤስዲ ካርዳቸውን ወይም የመክፈቻ ኮድ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄውም በጃፓንኛ ነው። ካርዱ ብዙ ጊዜ ጃፓን ቀርቷል፤ ኮዱንም የሚያውቅ ሰው የለም። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ይህን ቁልፍ መክፈት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

ስለዚህ ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ቴፑ እንዲህ ያለ ቁልፍ እንዳለው ማጣራት ያስፈልጋል። ሥራው የኦክስ ገመድ ከመሰካት የማያልፍ ከሆነ ባትሪውን መንካት አያስፈልግም፤ የሞተሩን ቁልፍ አውጥቶ ከቴፑ ጀርባ ያሉትን የኃይል ሽቦዎች ሳይገልጡ መሥራት ይቻላል።

ለስልኩ ወይም ለብሉቱዝ መቀበያ ቋሚ ኃይል የሚስብ ሰው የትኛው ሽቦ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። በተለመደው የገበያ ቴፖች አቀማመጥ ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኘው፣ ጥቁሩ ደግሞ ማሳ ነው። የመኪናው የራሱ ሽቦዎች ግን ይህን የቀለም ልማድ ላይከተሉ ስለሚችሉ አሁንም መልቲሜትር ያስፈልጋል። ኃይሉ ከቁልፍ ጋር ከሚበራና ከሚጠፋው ይሳብ። ሁልጊዜ ኃይል ካለው ላይ የተሳበ መሣሪያ መኪናው ለቀናት ሲቆም ባትሪውን ቀስ በቀስ ያራቁታል።

ስልክና ብሉቱዝ መቀበያ የሚፈልጉት 5 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው መስመር ወደ 14 ቮልት ይደርሳል። በመሀል ኃይል ቀናሽ ያስፈልጋል፤ በጭነት መኪና ደግሞ መስመሩ 24 ቮልት ስለሆነ ለዚያ የተሠራ ይሁን። ከኃይሉ መነሻ አጠገብ ትንሽ ፊውዝ መግባት አለበት። ናስትሮ የተጠቀለለበት መገጣጠሚያ በሙቀት ሲላላ ሽቦው ከአካሉ ጋር ይነካካል። ፊውዝ ካለ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ከሌለ ሽቦው ይቃጠላል፤ ሽቦው ያለው ደግሞ በፕላስቲክ መሀል ነው።

አንድ ስህተት ግን ፊውዝም አያድነውም። ኦክስ የሌለው ቴፕ ያላቸው አንዳንድ ሰዎች የስልኩን ድምፅ በቀጥታ ከስፒከር ሽቦዎች ጋር ለማገናኘት ይሞክራሉ። በዛሬዎቹ ቴፖች ከሁለቱ የስፒከር ሽቦዎች አንዱም ማሳ አይደለም፤ ሁለቱም ከማጉያው በቀጥታ የሚወጡ ናቸው። አንዱን ከማሳ ጋር ወይም ከስልክ ጋር ማገናኘት የቴፑን ማጉያ፣ አንዳንዴም ስልኩን ያቃጥላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳዩ ፓሮት ኩባንያ ይሸጣቸው የነበሩት መነጋገሪያዎች በቴፑና በስፒከሮቹ መሀል ይገቡ ነበር፤ ግን ጥሪ ሲመጣ ስፒከሮቹን ከቴፑ ሙሉ በሙሉ ነቅለው ወደ ራሳቸው ማጉያ ያዞሩ ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው።

ብሉቱዝ ሁሉ አንድ አይደለም

ከኦክስ ጋር የሚገናኝ አነስተኛ የብሉቱዝ መቀበያ ገዝቶ ከክሩስኮት ጀርባ መግጠም ዛሬ ምናልባት የተሻለው አማራጭ ነው። ሆኖም ገዢው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ መውጣት የለበትም፦ ለሙዚቃ ብቻ ነው ወይስ ለጥሪም?

ብሉቱዝ ለሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ሥርዓቶች አሉት። የሙዚቃው ሥርዓት ድምፅን በአንድ አቅጣጫ፣ በጥራት፣ ግን በመጠኑ ዘግይቶ ይልካል። የጥሪው ሥርዓት በሁለት አቅጣጫ ይሠራል፤ ጥራቱ ይቀንሳል፤ መዘግየቱም ያጥራል። ለሙዚቃ ብቻ የተሠራውን የገዛ ሰው ዘፈን በመኪናው ስፒከር እየሰማ ሳለ ጥሪ ሲመጣ ድምፁ ወደ ስልኩ ተመልሶ ይሄድበታል። በካርቶኑ ላይ ማይክሮፎን መኖሩ መጻፉ ጥሩ ምልክት ነው። ለውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ ያለው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል፤ ከክሩስኮት ጀርባ የተቀበረ ማይክሮፎን ምንም አይሰማምና።

የጥሪ ድምፅ ጥራትም ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። የቀድሞው የብሉቱዝ ጥሪ ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ አዲሱ 16,000 ጊዜ። በሁለተኛው "ስ" እና "ፍ" ተለይተው ይሰማሉ።

ጥሩ የጥሪ መሣሪያ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። የደዋዩ ድምፅ ከስፒከር ወጥቶ ወደ ማይክሮፎኑ ሲገባ ደዋዩ የራሱን ንግግር መልሶ ይሰማል፤ ማሚቶ ይሆንበታል። መሣሪያው ከስፒከር የወጣውን እያወቀ ከማይክሮፎኑ ላይ ይቀንሰዋል። በሽቦ የተሠራው መንገድ በዚህ ረገድ ደካማ ነው፤ ስልኩ ጆሮ ላይ ያለ ማዳመጫ እንጂ አራት ትልልቅ ስፒከሮች እንዳሉ አያውቅም። ድምፁን መቀነስና የቴፑን ሚዛን ከማይክሮፎኑ ርቆ ወዳለው ስፒከር ማዘንበል ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ማሚቶውን አሽከርካሪው ራሱ አይሰማውም። ስለዚህ መኪናው በቆመበት፣ ሞተሩ እየሠራና የአየር ማቀዝቀዣው ተከፍቶ፣ ለአንድ ወዳጅ ደውሎ ምን እንደሚሰማ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እጅ ነፃ ሲሆን አእምሮ ነፃ ይሆናል?

እዚህ ላይ ጥናቶች የሚሉት ለመሣሪያ ሻጮች አይመችም። እአአ በ1997 በአሜሪካው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመና ቶሮንቶ ውስጥ በ699 አሽከርካሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ስልክ እያወሩ ማሽከርከር የግጭት ስጋትን በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። እጅን ነፃ የሚያደርጉ ስልኮችም በእጅ ከሚያዙት የተሻለ ደህንነት አልሰጡም። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኋላ በማስመሰያ መሣሪያ ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ የሚያወራ አሽከርካሪ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር እንኳ ላያስተውል እንደሚችል አሳይተዋል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እአአ በታኅሣሥ 2011 ሃንድስ ፍሪን ጨምሮ አሽከርካሪዎች ስልክ እንዳይጠቀሙ ክልሎች እንዲከለክሉ የመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

አጠገብ የተቀመጠ ተሳፋሪ መንገዱን ያያል፤ አስጊ ነገር ሲመጣ ዝም ይላል። ደዋዩ ግን አያይም። በጋባ መንገድ ከሁለት መኪና መሀል ድንገት የሚወጣውን ቦዳ ቦዳ ስለማያይ ንግግሩን ይቀጥላል፤ መልስም ይጠብቃል።

ይህ ማለት ግን ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ስልክ ፍለጋ ወንበር ሥር መጎንበስ፣ በአንድ እጅ መሪ መያዝ፣ ቁጥር ለማየት ከመንገድ ዓይን ማንሳት ይቀራል፤ እነዚህ ራሳቸው ሰው የሚገድሉ ናቸው። ለረጅም ወሬ ሳይሆን "እየነዳሁ ነው፣ ደርሼ እደውላለሁ" ለማለት ከሆነ የተገጠመው ሽቦ ዋጋውን አውጥቷል። ስልኮችም ራሳቸው ይህን መልስ በጽሑፍ መላክ ይችላሉ፤ አይፎን እአአ ከ2017 ጀምሮ ይህን የሚያደርግ የማሽከርከር ጊዜ ቅንብር አለው።

በኢትዮጵያም ስልክ በእጅ ይዞ ማሽከርከር ያስቀጣል። በዚያ ያለው የመኪና ገበያ ግን ከካምፓላው እየተለየ ነው። መንግሥት እአአ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ጨምሯል። እነዚህ ብሉቱዝ አላቸው፤ ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ግን ሰፊው ስክሪናቸው የሚያወራው በቻይንኛ ነው። በእነዚህ መኪኖች የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ስልኩን ለማገናኘት የሚያስፈልገው ፒንሳና ሶልደር ሳይሆን፣ ከቻይንኛው ምናሌ ውስጥ የቋንቋ መቀየሪያውን አግኝቶ የሚሰጠው ሰው ነው።